ስሙ አንድ፣ ሆዱ ሌላ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ከጎዛምን ገጠር ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የገባ የአንድ አባወራ ሪሲቨር ታሪክ ላውጋችሁ።

ጊዜው ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩበት ነው፤ 2012 ዓ.ም. ገደማ። ወደ ምዕራብ ያንጋጠጠው ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ ዞረ። ሪሲቨሩን አዲስ ፍለጋ ማስጀመር ብቻ ይበቃው ነበር። የአባወራው የወንድም ልጅ ግን «ሶፍትዌሩ አርጅቷል» አለ። የጎረቤትን ሪሲቨር አየ፤ ቀለሙ ያው፣ ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ያው። የዚያኛውን ፋይል በፍላሽ አምጥቶ ጫነበት። የመጫኑ ቁጥር መቶ ሞላ፤ ጠፍቶ ሲበራ ግን «ቡት» የምትል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ቀረች። ቢነቅሉት፣ ቢሰኩት፣ ሪሞት ቢጫኑ፣ ያው ቡት።

አባወራው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ማርቆስ አንዲት ጠባብ ጥገና ቤት አመጡት። ጠጋኙ ወጣት ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

«ስሙ ፊቱ ላይ ተጽፎ የለም? ምን ትከፍተዋለህ?» አሉት።

«አባቴ፣ በሬ ሲገዙ በቀለሙ ነው?»

«ኧረ ጥርሱን አይቼ!»

«እኔም ጥርሱን ላይ ብዬ ነው።»

እውነቱን ነው። የእነዚህ ርካሽ ሪሲቨሮች ስም የነጋዴው ነው። ቦርዱን ቻይና ያለ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ አስመጪው የፈለገውን ስም ቅርፊቱ ላይ ያሳትማል። በሚቀጥለው ጭነት የረከሰ አይሲ ከተገኘ ቦርዱ ይለወጣል፤ ቅርፊቱ አይለወጥም። እናም አንዱ ውስጥ ጂኤክስ 6605፣ መንትያው ውስጥ ሰንፕላስ 1506 ይገኛል፤ የአንዱ ሶፍትዌር ለሌላው ባዕድ ነው። አይሲው አንድ ሆኖ ቦርዱ ሲለይም ጣጣ አያጣም፤ ምስል ይመጣና ሪሞቱ አልታዘዝ ይላል፣ ወይም ሲግናል ዜሮ ይሆናል።

ወጣቱ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር አነበበ። ከመደርደሪያው ፓወሩ የተቃጠለ ሌላ ሪሲቨር አወረደ። ስሙም ቀለሙም ሌላ፤ የቦርዱ ቁጥር ግን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ። ሶፍትዌሩ ያለው ስምንት እግር ባላት ትንሽ አይሲ ውስጥ ነው፤ 25ኪው32 ትባላለች፣ 4 ሜጋባይት ትይዛለች። ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘውን መቆንጠጫ አንሥቶ፣ ቀይ ሽቦውን አይሲዋ ላይ ካለችው ነጥብ ጋር አስተካክሎ አስነከሳትና ወደ ላፕቶፑ ገለበጣት። ደግሞ ገለበጣት፤ ሁለቱ ቅጂ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። የአባወራውንም፣ ምንም ከመጻፉ በፊት፣ እንዲሁ ገልብጦ አስቀመጠ።

«የሞተውን ደግሞ ምን ያደርግልሃል?»

«ያሰብነው ካልሠራ መመለሻ ነው፣ አባቴ።»

ቅጂውን የአባወራው አይሲ ላይ ገና መጻፍ ሲጀምር ከጮቄ ተራራ በኩል ነጎድጓድ አጓራ፤ መብራት ድርግም አለ። አባወራው አማተቡ። ወጣቱ ዞርም አላለ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ አይሲዋም ኃይል የምታገኘው ከላፕቶፑ ነው። ያ የወንድም ልጅ ቤት ውስጥ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ ሲጭን መብራት ቢጠፋበት ኖሮ፣ ፋይሉ ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ግማሹ ተጽፎ ይቀር ነበር።

መብራት ሲመጣ ሪሲቨሩ ተነሣ፤ ሪሞቱም ታዘዘ። ቻናሎቹ ግን የአባወራው አልነበሩም፤ ስፖርቱ ሁሉ ከላይ ተደርድሯል። የቻናሉ ዝርዝር የሚቀመጠው በዚያችው አይሲ ውስጥ ነውና የሌላ ሰው ምርጫ አብሮ መጥቷል። ወጣቱ ስቆ ዝርዝሩን አጠፋና በ57 ዲግሪ አዲስ ፍለጋ አስጀመረ። የቦርዱን ቁጥርም በወረቀት ጽፎ ከሥሩ ለጠፈላቸው።

አባወራው ሒሳባቸውን ከፍለው ከረጢታቸውን አነሡና በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ለገበያ ስወጣ የጎረቤቴን ይዤልህ እመጣለሁ፤ በደህናው ጊዜ ገልብጠህ አስቀምጥልኝ። ያ ልጅ እንደሁ እሱንም መንካቱ አይቀርም።»