የተግባረ እድ ትምህርት ታሪክ፤ ከጋፋት እስከ ራያ ቆላ

በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ጥበብ ከጥንት ዠምሮ ትምህርት ቤት ነበረው። ተማሪው ከንባብ ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ እየተሻገረ ይማር፥ ተምሮም በተራው መምህር ይኾን ነበር። የእጅ ጥበብ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ለኹሉ የተከፈተ ጉባኤ አልነበረውም።

ይህም የኾነው ክብር በማጣቱ ነው እንጂ ዐዋቂ በመጥፋቱ አይደለም። የራያ ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም፥ ያለ ማጭድም ማሽላውን አይሰበስብም። ካህኑም ያለ መስቀልና ያለ ጸናጽል አገልግሎቱን አይፈጽምም። ይህን ኹሉ የሚሠራው ሰው ግን «ቀጥቃጭ»፥ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ፥ ከጋብቻም ይገለል ነበር። ዕቃው ሲከበር ሠሪው ስለ ተናቀ፥ ልጁን ወደዚህ ሥራ ሊሰድ የሚወድ ሰው አልተገኘም።

የአውሮፓን የብረት ጥበብ በአገሩ ለማስተማር በብርቱ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በኢየሩሳሌም የተቀመጠው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ቤት የተማሩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ከ1848 ዓ.ም. ገደማ ዠምሮ ይልክ ነበር። እነርሱ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነው፤ ንጉሡ ግን ከኹሉ አብልጠው የፈለጉት እጃቸውን ነበር። ስለዚህ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ስፍራ አስቀመጧቸው፤ የአገሩንም ወጣቶች አብረው እየሠሩ እንዲማሩ ሰጧቸው። በዚያም ምድጃ ተሠራ፥ ብረት ቀለጠ። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠርቶ ወጣ።

ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ መድፉን አስከትለው ነበር። ገደሉ እየተናደ፥ መንገዱ እየተጠረገ፥ በሰው ጕልበት እየተጐተተ በመጋቢት ወር ወሎ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ዐረፉ። መድፍ ሠሪዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር፥ ጦሩ በመጣበት በአሸንጌ ሐይቅ መንገድ፥ ከራያ ቆላ በላይ አልፈው ወደ ባሕር ወረዱ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ ትምህርቱ ግን ቀረ። የተሠራው ለአንድ ንጉሥ ፈቃድና ለአንድ የጦር መሣሪያ ነበርና፥ ተማሪው መምህር እስኪኾን ድረስ ጊዜ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። በ1871 ዓ.ም. የመጣውን የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አቅርበው ብዙ አሠሩት። ከማንኛውም መኪና ይልቅ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በ1900 ዓ.ም. ያወጡት ዐዋጅ ነው። ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፥ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፥ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለ የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዘዙ። ዐዋጁ የሰውን ልብ ባንድ ቀን አልለወጠውም፤ ኾኖም የእጅ ሥራ ነውር አለመኾኑን ከዙፋን አስነገረ። የባቡሩም ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በድሬዳዋ ባለው የባቡር መጠገኛ ቤት ብዙ የአገር ልጆች ከሥራው እየተማሩ መካኒክ ኾኑ።

ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሕዝቡም በግዕዙ ቃል «ተግባረ እድ»፥ ይኸውም የእጅ ሥራ፥ ብሎ ጠራው። ከዚህ ወዲያ ብረት በሞረድ ማስተካከል፥ በቶርኖ መቅረጽ፥ መበየድ፥ ሞተር ፈትቶ መግጠም፥ የተናቀ ሰው ልጅ ብቻ የሚወርሰው ዕጣ መኾኑ ቀርቶ፥ ማንም ልጅ ተፈትኖ የሚገባበት ትምህርት ኾነ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፍቶ፥ ከብረታ ብረትና ከኤሌክትሪክ ጋር የእርሻ መሣሪያዎችን ጥበብ አስተማረ። እርሱም በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ኾነ።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ለራያ ቆላ ሩቅ አይደለም። የቆቦ ገበሬ ከላስታ ተራሮች የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል፤ ዝናብ በቀረ ጊዜም ተርቧል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሜዳ ጥልቅ ጕድጓድ እየተቈፈረ፥ ከመሬት በታች የተኛው ውሃ በፓምፕ ይወጣል። ፓምፕ እንደ ወንዝ አይደለም፤ ኩሽኔታው ያልቃል፥ ዘንጉ ይጣመማል፥ ሞተሩም ይቃጠላል። የሚጠግነው ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ቢጠበቅ፥ ውሃው ከእግር በታች ሳለ ሽንኵርቱ ይደርቃል።

እንግዲህ ከጋፋት የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ጥበብ በአገር የሚጸናው መሣሪያው ሲገዛ ሳይኾን፥ ተማሪው መምህር ሲኾን ነው። ይህን ነገር ከካህናት የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አንድ የቅኔ መምህር ያለ ደቀ መዝሙር ቢያርፍ ምን እንደሚጠፋ ያውቃሉና። እጁ በዘይት የጠቈረ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲቆም፥ የፊደል ተማሪ የሚያገኘውን ምርቃት ሊያገኝ ይገባዋል። ወላጅም ልጁን ወደ ተግባረ እድ ሲሰድ ዐንገቱን አይድፋ፤ ለአገሩ ውሃ የሚያወጣ ልጅ ሰጥቷልና።