ከባድ ቶፕ ስፒን ፎርሃንድ ፓደል ላይ መቼ ይጠቅማል?

ካምፓላም ፓደል ገብቷል። ሜዳ ቴኒስ የሞካከሩ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ቶፕ ስፒን ፓደል ላይ ይሠራል?» ይሉኛል። ይሠራል፤ ግን ቦታ አለው።

ጨዋታው

ፓደልን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሜክሲኳዊ ነው። ሁለት ለሁለት ይጫወቱታል። ሜዳው 20 በ10 ሜትር ሲሆን መረቡ መሐሉ ላይ 88 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ራኬቱ ክር የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድፍን ነው። ከኋላ ያለው ግድግዳ መስታወት ነው። ኳሷ መሬት ነጥራ መስታወቱን ብትመታም ጨዋታው ይቀጥላል።

ቶፕ ስፒን ምን ያደርጋል?

ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠረግ አድርጋችሁ ስትመቷት ወደ ፊት እየተሽከረከረች ትበራለች። አየሩ ወደ ታች ስለሚጫናት መረቡን አልፋ ቶሎ ትወርዳለች፤ ስትነጥር ደግሞ ከፍ ትላለች። ሜዳ ቴኒስ ላይ ይሄ ተጋጣሚን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ራፋኤል ናዳል የታወቀበት ምት ነው።

ፓደል ላይ ግን መስታወቱ አለ። በኃይል ርቃ የሄደች ኳስ መስታወቱን ስትነካ ሽክርክሪቷ ወደ ላይ ያወጣታል። ከፍ ብላ ስለምትመለስ ተጋጣሚው ተረጋግቶ ይመታታል። ለፍታችሁ ለሱ አመቻቻችሁለት ማለት ነው።

የሚጠቅመው መቼ ነው?

ተጋጣሚዎቹ መረቡ ጋ ሲቆሙ። ያኔ ኃይሉን ቀንሳችሁ እግራቸው ሥር ጣሉት። ዝቅ ያለች ኳስ ወደ ላይ ከማንሳት ሌላ ምርጫ የላቸውም፤ ቀጣዩ ምት የናንተ ነው።

አመታቱ

1. ራኬቱን ወደ ኋላ ብዙ አትጎትቱ።
2. ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፤ ራኬቱ ከኳሷ ዝቅ ይበል።
3. ኳሷን ከፊታችሁ አግኝታችሁ ወደ ላይ ጥረጓት።
4. የእጅ አንጓችሁን በኃይል አትጠምዝዙ። ክንዱ የታመመ ሰው ጀሪካን መሸከም ያቅተዋል፤ ካምፕ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሜዳ ለሌለን

ጣውላ፣ አሮጌ የቴኒስ ኳስና ግድግዳ ይበቃል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ 88 ሳንቲ ሜትር ላይ መስመር አስምሩና ኳሷን ከመስመሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ምቱ። ከዚያ መጀመሪያ መሬት አንጥራችሁ ወደ ግድግዳው ላኳት፦ አንዴ እየጠረጋችሁ፣ አንዴ ሳትጠርጉ። አመላለሷ ሲለያይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንድ ቀን እውነተኛ ሜዳ የመግባት ዕድል ብታገኙ፣ ይህን የለመደ እጅ ይዛችሁ ትገባላችሁ።