ወደ ውሃው የሚወርደው መንገድ

ከጅማ ተነሥቶ በሰርቦና በአሰንዳቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያመራ መንገደኛ ደነባ አካባቢ ሲደርስ አያቶቹ የማያውቁትን ሐይቅ ያያል። ይህ ሐይቅ ተፈጥሮ ያኖረው አይደለም። ሥራው በደርግ ዘመን ተጀምሮ፣ ለዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1996 ዓ.ም. ኃይል መስጠት የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ነው። ቁመቱ 40 ሜትር ያህል የሆነው የድንጋይ ሙሌት ግድብ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ለዚህም ሲባል የሸለቆው እርሻና ግጦሽ ከውሃ በታች ሲቀር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል።

ግድቡን የነደፉት መሐንዲሶች ያሰቡት ስለ ኤሌክትሪክ እንጂ ስለ ሐይቅ ዳር ኑሮ አልነበረም። ይሁን እንጂ በየትኛውም አገር ቢሆን ሰፊ ውሃና ለም ኮረብታ በተገናኙበት ሥፍራ፣ ዘግይቶም ቢሆን አንድ እንግዳ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ እርሱም ቤቱን ለእርሻ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለእይታና ለዕረፍት የሚሠራው ነው። ይህ እንግዳ በሌላው ዓለም የመሠረተው የውሃ ዳር የመዝናኛ መንደር፣ በተለይም በጎልፍ ሜዳ ዙሪያ የተቆረቆረው፣ ታሪኩ ረጅም ባይሆንም ብዙ የሚያስተምር ነው። በቡናው አገር ከተማ ለሚነድፍ ባለሙያም ከሩቅ የመጣ ወሬ ሊመስለው አይገባም።

እንደሚታወቀው የቡናው አገር ከተሞች ፊታቸውን ወደ ውሃ አዙረው የተሠሩ አይደሉም። የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የቡ፣ እንዲሁም አጋሮና ሊሙ ገነት፣ ያደጉት በቡና ንግድና በመንገድ ነው። ጅማ ራሷ በኮረብታው ላይ የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ ደግሞ የሂርማታ ገበያ ሆና ሁለት ፊት ነበራት፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ መሰብሰቢያው ሂርማታ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው የኢጣልያ መንግሥት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ሲያደርግ የነጮቹንና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ ነደፈ። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ግን ጌጧ ሳይሆን የጓሮ ፍሳሽ መውረጃዋ ሆኖ ቀረ።

በዚህ አካባቢ የወንዝ ዳሩን አስቀድሞ የያዘው መዝናኛ ሳይሆን ቡናው ነው። የታጠበ ቡና ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ከየወንዙና ከየጅረቱ ዳር ተተከሉ። በመኸር ወራት ገለባውና የመዘፍዘፊያው ውሃ ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ከታች እንስራዋን ይዛ የምትጠብቀው ሴት የምታገኘው ውሃ ከላይ ጣቢያው የተጠቀመበትን ነው። ወንዙ የማንም አይደለም ይባል ነበር። የማንም ያልሆነ ነገር ግን ፈጥኖ የደረሰ ሰው ንብረት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የባሕር ዳር የጎልፍ መንደር የሚባለው አኗኗር ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ በምትገኘው በሂልተን ሄድ ደሴት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862 እ.ኤ.አ.፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ሚቸልቪል የተባለውን ከተማቸውን የቆረቆሩት በዚህች ደሴት ነበር። ጉላ በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው ለዘጠና ዓመታት ያህል እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ ኖሩባት። በ1956 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱን ከዋናው መሬት ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ተሠራ። ወዲያውም ቻርልስ ፍሬዘር የተባለ የሕግ ትምህርት የጨረሰ ወጣት፣ ቤተሰቡ ለጣውላ የያዘውን ደን ሲ ፓይንስ ወደተባለ መንደር መለወጥ ጀመረ።

የፍሬዘርን ሥራ አቃልሎ ማየት አይገባም። በዚያን ጊዜ ልማዱ ቤቶችን ባሕሩን ተከትሎ መደርደር ሲሆን፣ እርሱ ግን የአሸዋውን ክምር ሳይነካ ቤቶቹን ከዛፍ ጥላ ሥር አገባቸው፤ ከውስጥ የሚኖሩት ወደ ባሕሩ የሚደርሱባቸውን የእግር መንገዶችም በፕላኑ ላይ አስቀመጠ። የቤቱ ቀለም፣ የጣሪያው ከፍታና የሚቆረጠው ዛፍ ሳይቀር በሽያጭ ውሉ ውስጥ እንዲወሰን አደረገ። የጎልፍ ሜዳው ጥቅምም በዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የባሕር ዳርቻው ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ባሕር የሚያይ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ሣሩ በደን መካከል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ ግን በግራና በቀኙ አዲስ ዳርቻ ይፈጠራል፤ ከባሕር የራቀው መሬትም አረንጓዴ እይታ ስላገኘ ብቻ ዋጋው ይወጣል። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሃርበር ታውን ሜዳ ይህን አሠራር በዓለም አስታወቀው፤ ከዚያ ወዲህ በየጠረፉ የተሠሩት መንደሮች አብዛኞቹ ያንኑ የተከተሉ ናቸው። ጨዋታውን አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወተ ሰው ለሜዳው እይታ ገንዘብ መክፈሉ በመጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል፤ ሆኖም ሒሳቡ ትክክል ነው።

ችግሩ ያለው በበሩ ላይ ነው። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት የባሕሩ ሞገድ የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ዘበኛ በቆመበት በር ስለሚያልፍ፣ የመንደሩ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በመኪና ለመግባት ይከፍላል። የጉላዎች የመቃብር ሥፍራ የሆነው ብራዶክ ፖይንት ከሲ ፓይንስ አጥር ውስጥ ቀርቷል፤ የሙታኑ ዘመዶች መቃብራቸውን ለመጎብኘት የሚያልፉት በዚሁ በር ነው። ከአጥር ውጭ በቀሩት የጉላ ይዞታዎችም ላይ የመሬት ዋጋ ሲጨምር ግብሩ አብሮ ስለጨመረ፣ መሬታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የፍሬዘር ፕላን ወደ ባሕር የሚወርድ መንገድ አልጎደለውም። የጎደለው የመንገዱ ባለመብት ከአጥሩ ውጭ ያለውም ሰው መሆኑ ነው።

የጎልፍ ጨዋታ ከጥንት የተያያዘው ከአጥር ጋር እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ሴንት አንድሩስ ከተማ መመለስ ይገባል። በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለው አሸዋማ የሣር መሬት የከተማው ሕዝብ የጋራ መሬት ነበር፤ በ1552 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የሊቀ ጳጳሱ ደብዳቤ ጎልፍ መጫወትንም በዚያ ሥፍራ ከሕዝቡ መብቶች መካከል ይቆጥረዋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በ1797 እ.ኤ.አ.፣ የከተማው ምክር ቤት በዕዳ ተይዞ መሬቱን ሲለቅ፣ ሥፍራው ጥንቸል ለሚያረቡ ሰዎች እጅ ገባ፤ በእነርሱና በተጫዋቾቹ መካከልም ረጅም ሙግት ሆነ። መሬቱ በ1894 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሕግ ወደ ከተማው ተመለሰ። በዓለም እጅግ የተከበረው የድሮው ሜዳ እስከ ዛሬም እሑድ እሑድ ጨዋታ አይደረግበትም፤ የከተማው ሰው ከነልጆቹና ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። የሜዳው ክብር በዚህ ቀነሰ ያለ ሰው የለም።

በአገራችን ጎልፍ ከአዲስ አበባ ውጭ እምብዛም አልታወቀም፤ የውሃ ዳር የዕረፍት ኑሮ ግን እንግዳ አይደለም። ለዚህ ዋናው ምስክር ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከዋና ከተማው ማለዳ ተነሥቶ ቢሾፍቱ ውሎ መመለስ ቀላል ሆነ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ያበጇቸው ሐይቆች፣ ማለትም ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ፣ በአንድ ከተማ ዙሪያ ተሰብስበው መገኘታቸው በሌላ ሥፍራ ብዙ አይታይም። ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ መሳፍንትና ባለጸጎችም በየሐይቁ ዳር የቅዳሜና የእሑድ ማረፊያ ቤት ያዙ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ይህ ኑሮ ባለቤቱን ለወጠ። የአጥሩ መስመር ግን በአብዛኛው ከነበረበት አልተነቃነቀም። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ መሰጠት ከጀመረ በኋላም በዚያው ዳርቻ ላይ ሆቴሎችና ሎጆች ተተኩ። ሦስት ሥርዓት ሲለዋወጥ የቦታው ባለይዞታ ተቀያየረ፤ ወደ ውሃው የሚወርደው የሕዝብ መንገድ ግን ሲጠብ እንጂ ሲሰፋ አልታየም።

ከዚህ የሚለየው ሆራ አርሰዲ ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን ለማክበር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የአካባቢውን ዳርቻ ክፍት አድርጎ ያቆየው ከሁሉም በፊት ይህ ልማድ ነው፤ ሕዝቡ ስለሚመጣ መንገዱ ሊዘጋ አልቻለም። በሌላ አነጋገር፣ የእምነት በዓል የፕላን ባለሙያውን ሥራ ሠርቶለታል። ይህ ዐይነቱ በዓል የሌላቸው ሐይቆች ግን ጠባቂ የላቸውም።

ሕጉ ዝም አላለም፤ የተናገረው ግን ስለ ውሃው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ይህም የሳውዝ ካሮላይናውን እርጥብ አሸዋ ያስታውሳል። ውሃው የጋራ ሆኖ ሳለ መዳረሻው በአንድ ሰው የሊዝ ካርታ ውስጥ ከወደቀ፣ የጋራነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው በአዋጁ ሳይሆን ቦታው ሲሸነሸን በሚሠመረው መስመር፣ ማለትም በቀያሹና በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከጅማ በስተደቡብ በሚዋሰነው በዳውሮ፣ በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ አጠገብ፣ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የሃላላ ኬላ የመዝናኛ ሥፍራ ተሠርቷል። እንግዳው እንግዲህ ከደጃፍ ደርሷል ማለት ነው። በግልገል ጊቤ አንድ ዳርቻ ግን እስካሁን የሚታየው ከብትና ማሳ ነው። የሐይቁ ጎረቤት መሆንም ዋጋ አለው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከውሃው አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ለእይታ ብሎ የሚመጣውም ባለ ቪላ ይህንኑ ትንኝ ያገኛታል፤ እርሱ ግን ለመስኮቱ ወንፊት ለማሠራት አቅም አለው።

ለቀያሹ የሚከብደው ደግሞ የዚህ ሐይቅ ዳርቻ በአንድ ቦታ አለመቆሙ ነው። ክረምት ሲወጣ ውሃው ሞልቶ ከማሳው ሥር ይደርሳል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ተርባይኑ የወሰደውን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጭቃው በቅሎ ለከብት መሰማሪያ ይሆናል። ከኮረብታው የሚታጠበው አፈርም የሐይቁን ወለል በየዓመቱ ከፍ ያደርገዋል። በሚያዝያ የተለካ ዳርቻ በመስከረም ውሃ ውስጥ ነው፤ በመስከረም ተለክቶ በችካል የታጠረ ደግሞ ሚያዝያ ሲሆን በአጥሩና በውሃው መካከል ሰፊ ሜዳ ይተዋል። ያ ሜዳ የማን እንደሆነ፣ ከብቶቹስ በየት በኩል ወርደው እንደሚጠጡ፣ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በካርታው ላይ መሥፈር ይኖርበታል።