ስሙኒና ሽልንግ

ከእንጦጦ ተዳፋት እስከ የካው ሾላ ገበያ ድረስ ሻጭና ገዥ 25 ሳንቲሙን «ስሙኒ»፣ 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ሲሉ ኖረዋል። ስሙኒ በዐረብኛው ምንጩ ስምንተኛ እጅ ማለት ነው፤ 25 ሳንቲም ግን የብር አራተኛ እጅ ነው። ስሙና ዋጋው ስለ ምን ተለያዩ?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የብር ስምንተኛ «ተሙን» ይባል ስለ ነበረ ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አልነበረም። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ በገበያችን ይሠራበት ጀመር፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ግማሹን ሽልንግ «ሱሙኒ» ይሉታል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። እንግዲህ ሽልንግ 50፣ ግማሹም 25 ሳንቲም ሆነ፤ ስሞቹ ከነዋጋቸው ወደ አዲሱ ገንዘብ የተሻገሩት በዚህ ሒሳብ ነው እንላለን።

የባዕድ ስም በነጻ አገር ገንዘብ ላይ መቅረቱ የሚከነክነው ሰው ቢኖር እንዲህ እንመልስለታለን፦ መንግሥት ገንዘቡን በአዋጅ ለወጠ፤ ሕዝቡም ሒሳቡ እንዳይጠፋበት አዲሱን በለመደው ስም ቈጠረ። ይህ ማስተዋል እንጂ ባርነት አይደለም። ዛሬ ስሙኒ የሚገዛው ነገር ባይኖርም፣ መምህራን ቃሉን ከነታሪኩ ቢያስረዱ በአንዲት ሳንቲም አንድ ዘመን ያስተምራሉ።