የፊት የወተት ጥርስ ያለጊዜው መውለቅ

የፊት የወተት ጥርስ ያለጊዜው መውለቅ አንድ ሕፃን የላይ ወይም የታች የፊት ጥርሶቹን፣ ተተኪዎቹ ቋሚ ጥርሶች ለመውጣት ከመድረሳቸው ከብዙ ጊዜ በፊት ሲያጣ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ዋና ዋና መንስኤዎቹ መውደቅና ግጭት፣ የጥርስ መቦርቦር እንዲሁም ጥርስን በልማድ መንቀል ናቸው። የወተት ጥርስ መውለቁ ስለማይቀር ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሆኖም ጉዳቱ ድድ ውስጥ ገና በማደግ ላይ ላለው ቋሚ ጥርስ ሊተርፍ ይችላል።

መደበኛው ጊዜ

አንድ ልጅ 20 የወተት ጥርሶች አሉት፤ 8ቱ የፊት ጥርሶች፣ 4ቱ ክራንቻዎች፣ 8ቱ ደግሞ መንጋጋዎች ናቸው። የፊት ጥርሶችና ክራንቻዎች የሚወጡበትና የሚወልቁበት አማካይ ዕድሜ እንደሚከተለው ነው።

• የታች መካከለኛ የፊት ጥርሶች፦ ከ6 እስከ 10 ወር ይወጣሉ፤ ከ6 እስከ 7 ዓመት ይወልቃሉ።
• የላይ መካከለኛ የፊት ጥርሶች፦ ከ8 እስከ 12 ወር ይወጣሉ፤ ከ6 እስከ 7 ዓመት ይወልቃሉ።
• ከእነርሱ ጎን ያሉት የፊት ጥርሶች፦ ከ9 እስከ 16 ወር ይወጣሉ፤ ከ7 እስከ 8 ዓመት ይወልቃሉ።
• ክራንቻዎች፦ ከ16 እስከ 23 ወር ይወጣሉ፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ይወልቃሉ።

በመደበኛው ሂደት ቋሚው ጥርስ ወደ ላይ ሲገፋ የወተት ጥርሱ ሥር ቀስ በቀስ ይሟሟል። በጊዜው የወለቀ የወተት ጥርስ ሥር የሌለው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሱ ከነሙሉ ሥሩ ከወለቀ ግን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

መንስኤዎች

አደጋ፦ መራመድ በመለማመድ ላይ ያሉ ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚወድቁ በተለይ የላይ መካከለኛ ጥርሶቻቸው ይጎዳሉ።

የጥርስ መቦርቦር፦ ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ የሚተኛ ሕፃን መጀመሪያ የሚጎዱበት የላይ የፊት ጥርሶቹ ናቸው። የታችኞቹን ምላስና ምራቅ በከፊል ይከላከሉላቸዋል።

ግግ ማውጣት፦ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በዩጋንዳ፣ በሱዳንና በሶማሊያ የሚታወቅ ጎጂ ልማድ ነው። ሕፃን ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ ክራንቻ በሚወጣበት የድድ ክፍል ላይ የሚታየው እብጠት የበሽታው ምንጭ ነው ተብሎ ገና ያልወጣው ጥርስ በሹል ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። እብጠቱ ግን በማደግ ላይ ያለ ጤናማ ጥርስ ነው።

በሽታ፦ አልፎ አልፎ፣ እንደ ሃይፖፎስፋታሲያ ባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ምክንያት ጥርስ ያለ አደጋና ያለ መቦርቦር ከነሥሩ ይወልቃል።

የሚያስከትላቸው ውጤቶች

በቋሚ ጥርስ ላይ፦ የላይኛው ቋሚ የፊት ጥርስ ጽንስ ከወተት ጥርሱ ሥር አጠገብ፣ በላንቃ በኩል ይገኛል። የወተት ጥርሱ በአደጋ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይህን ጽንስ ሊመታው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ቋሚው ጥርስ ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ኖሮት፣ ሽፋኑ ሳስቶ ወይም ሥሩ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ሕፃኑ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ አደጋው ይበልጥ ያሰጋል።

መዘግየት፦ የወተት ጥርሱ በጣም ቀድሞ ከወለቀ በቦታው ያለው ድድ ስለሚወፍር ቋሚው ጥርስ ሊዘገይ ይችላል። ለመውለቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የወለቀ ከሆነ ግን ቋሚው ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል።

የቦታ መጥበብ፦ መንጋጋ ቀድሞ ሲወልቅ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። የፊት ጥርስ ሲወልቅ ግን ክራንቻዎቹ አስቀድመው ከወጡ ቦታው ብዙም አይጠብም። ክራንቻዎቹ ሳይወጡ ከወለቀ ወይም ራሱ ክራንቻው ከጠፋ፣ ቀሪዎቹ የፊት ጥርሶች ወደ አንድ ጎን ሊሸሹ ይችላሉ።

ንግግርና አመጋገብ፦ እንደ «ፈ»፣ «ሰ» እና «ዘ» ያሉ ድምፆች የፊት ጥርስ እገዛ ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ ልጆች ክፍተቱን በምላሳቸው ይለማመዱታል፤ ንግግር ሳይጀምሩ ብዙ ጥርስ ያጡት ግን ሊቸገሩ ይችላሉ። ምግብ መግመጥ ቢከብዳቸውም በመንጋጋቸው ማኘክ አያቅታቸውም።

ሥነ ልቦና፦ ትንንሽ ልጆች ለመልካቸው ብዙም አይጨነቁም። ትምህርት ቤት የገቡት ግን በሌሎች መሳለቂያ ሊሸማቀቁ ይችላሉ።

ግግ ማውጣት ከእነዚህ በተጨማሪ ደም መፍሰስን፣ ቴታነስን፣ በደም ውስጥ የሚሰራጭ ኢንፌክሽንንና ሞትን ሊያስከትል ይችላል። ተቅማጡን የሚያድነው ሕክምናም በዚሁ ምክንያት ይዘገያል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ መንቀልን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ይጠቅሰዋል።

የመጀመሪያ እርዳታና ሕክምና

በአደጋ የወለቀ የወተት ጥርስ ወደ ቦታው አይመለስም፤ መመለሱ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይቆማል፤ ጥርሱም ይፈለጋል። ካልተገኘ ወደ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ወይም ወደ ሳንባ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ቋሚ ጥርስ ሲወልቅ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ሥሩ ሳይነካ ወዲያውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ተደርጎ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

የጥርስ ሐኪም እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ ያነሳል፤ የቋሚውን ጥርስ ዕድገትም ይከታተላል። ለመልክ ሲባል ከኋላ መንጋጋዎች ጋር የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስገባት ይቻላል። አንደኛው ቋሚ የፊት ጥርስ ከወጣ ከ6 ወር በኋላ አቻው ካልታየ ምርመራ ያስፈልጋል።

መከላከያ

ሕፃንን ከነጡጦው አለማስተኛት፣ የመጀመሪያው ጥርስ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይመከራል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ መነካት የለበትም። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚባለው ፈሳሽ እየተረዳ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።