ማን ይቀብርሃል?

አዲስ አበባ ውስጥ የአባቱን ሃይማኖት ትቶ ጴንጤ የሆነ ልጅ ከእናቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ሥላሴም ስለ ምልጃም አልነበረም። «ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» ነበር።

መርካቶ ላይ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ ሰፈሩን የሞላው ዘመዱን ሩቅ አገር ትቶ የመጣ ነጋዴና ተሸካሚ ነው፤ በዘመድ ፈንታ የያዘውም እድሩን ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ማለዳ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሁሉ የጋራ ነው። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መቃብሩ የት እንደሆነ ያውቃል።

ሦስተኛው ዓይነት ሰው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1940ዎቹ የፊንላንድ ጴንጤቆስጤ ሚስዮናውያን እዚሁ መርካቶ አካባቢ ሥራ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የተማሩ ወጣቶች ሙሉ ወንጌልን መሠረቱ፤ እንመዝገብ ቢሉ መንግሥት ከለከላቸው። ነሐሴ 1964 ዓ.ም. ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ 250 ያህሉ ታሰሩ።

እስሩ የመንግሥት ነው፤ የሰፈሩ ፍርድ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ጠላ አይቀምስም፣ ከጽዋ ማኅበሩ ወጥቷል፣ ለቅሶ ላይ ደረቱን አይመታም። አብሮ የማይጠጣ፣ አብሮ የማያለቅስ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው? እውነቱን ለመናገር በሰፈሩ ላይ ለመፍረድ ይከብደኛል፤ እድር የቆመው አብሮ በማዘን ነው። በሌላ በኩል የዚያ ሰው ሚስት ብትጠየቅ መልሷ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠላ ቤት ይቀር የነበረው ብር ቤት መግባት ጀምሯላ!

ቋንቋቸውም ተለወጠ። (የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት አይሆንለትም።) እናቶቻችን ልጅ ሲድሩ «ዓለሜን አየሁ» ይላሉ። ለአዲሱ አማኝ ግን «ዓለም» ጥሎት የወጣው ነገር ነው፤ ዘፈኑ «ዓለማዊ»፣ የድሮ ጓደኛው «ዓለማዊ»። የእናቱ ደስታ በአንዲት ቃል ከደጅ ቀረ ማለት ነው። በምትኩ «ወንድም እገሌ»፣ «እህት እገሊት» መጡ። ከቤት የተባረረ ልጅ የሚያድረውም ወንድም እገሌ ቤት ነው። ያ መጠሪያ እንደ ዛሬው የአፍ ልማድ አልነበረም፤ ምግብና ፍራሽ ነበረው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። የሙሉ ወንጌል ደጅ ተዘጋ። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ተዘጋች፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። አማኙ አምስትም ሰባትም እየሆነ በየጓዳው ገባ፤ የታምራት ኃይሌና የደረጀ ከበደ መዝሙሮች በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። የሚገርመው፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ መስኮት ዘግተው በትናንሽ ቡድን ይሰበሰቡ የነበሩት የግራ ፓርቲ ወጣቶች ናቸው፤ እነሱ «ህዋስ» ይሉት ነበር። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። በ1983 ዓ.ም. ከጓዳ ስትወጣ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ወዲያማ ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ 10.2፣ በ1999ኙ 18.6 ነበር። ስድብ የነበረችው «ጴንጤ»ም የሰፈር መጠሪያ ሆነች፤ ባለቤቶቹም ይሏታል። ግን አንድ ነገር የሳሳ ይመስለኛል። አምስት ሰው በሚሰበሰብበት ጓዳ ውስጥ አንዱ ሥራ ካጣ አራቱ በሳምንቱ ያውቁ ነበር። ሺህ ሰው በሚያጨበጭብበት አዳራሽ ግን «ወንድሜ» የሚልህ ሰው ስምህን ላያውቅ ይችላል።

ለዚህም ይሆናል አማኙ ወደ ድሮው ነገር የተመለሰው። ዛሬ በየአጥቢያው የወንጌል አማኞች እድር አለ፤ መዋጮው፣ ድንኳኑ፣ ቅጣቱ ሁሉ የአባቶቹን ይመስላል። የሰፈሩንም የቤተ ክርስቲያኑንም የሚከፍል አለ። «ለምን ሁለት?» ብትለው፣ የሰፈሩ እድር ድንኳን እንደሚተክልለት፣ የቤተ ክርስቲያኑ እንደሚዘምርለት ይነግርሃል።