የዋሽንግተን ተራራ ዳገት፦ ብስክሌት ብልጫውን የሚያጣበት ውድድር

በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የሚገኘው የዋሽንግተን ተራራ ከፍታው 1,917 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ የወጣ ሰው ከአዲስ አበባ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ በነሐሴ ወር ወደዚህ አናት የሚደረገው የብስክሌት ውድድር ከዳገት ሽቅድምድሞች ሁሉ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው። የሚያስፈራው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን የመንገዱ ቀጥ ማለት ነው። 12.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መንገድ ከ1,400 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፤ አማካይ ተዳፋቱ 12 በመቶ ገደማ ሲሆን መድረሻው አፋፍ ላይ 22 በመቶ ይሆናል። በቱር ደ ፍራንስ ዝና ያተረፈው አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም አማካይ ተዳፋቱ ግን 8.1 በመቶ ብቻ ነው።

መንገዱ የተሠራው ለብስክሌት አልነበረም። በ1861 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው በፈረስ ለሚጎተቱ ሠረገሎች ነው። በ1899 ፍሪላን ስታንሊ ከባለቤቱ ከፍሎራ ጋር በእንፋሎት መኪና ሲወጣው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀበት። በ1904 በተካሄደው የመኪና ውድድር ደግሞ ሃሪ ሃርክነስ በ24 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ። የብስክሌተኞች ተራ የደረሰው ገና በ1973 ነው። የመጀመሪያው አሸናፊ፣ በኦሊምፒክ የተወዳደረው ጆን አሊስ፣ 1 ሰዓት ከሩብ ያህል ወስዶበታል፤ የስታንሊን መኪና ግን ከአምሳ ደቂቃ በላይ ቀድሞታል ማለት ነው።

ይህ ውድድር ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መንገዱ የግል ንብረት በመሆኑ ብስክሌት የሚፈቀደው ከውድድሩ ጋር በተያያዙ ቀናት ብቻ ነው። ማንም ተነሥቶ ሲያሻው ሊለማመድበት አይችልም። በብስክሌት ቁልቁል መውረድም ክልክል ስለሆነ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አናቱ ላይ የሚጠብቀውና የሚያወርደው መኪና ማዘጋጀት አለበት። ከገቢው የሚጠቀመው የተፈጥሮ ጥበቃ ማዕከል ነው፤ ለተፈጥሮ በሚቆረቆር ውድድር ያን ሁሉ መኪና ተራራ ላይ መደርደር ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ አለ። በ1934 በዚሁ አናት ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ተለክቶ እስከ 1996 የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብ ጥሩ አቋም ብቻ ሳይሆን ጥሩ ቀንም ያስፈልጋል።

ክብረ ወሰኖቹ ጥቂት የሆኑትም ለዚህ ይመስላል። ዴል ስቴቲና በ1980 ያስመዘገበው 57 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ለ17 ዓመት ሳይደፈር ኖረ። በ1997 ታይለር ሃሚልተን 51 ከ56 ገባ፤ በ1999 ራሱ ወደ 50 ከ21 አወረደው። በሴቶች በኩል ፈረንሳዊቷ ዣኒ ሎንጎ በ2000፣ በ41 ዓመቷ፣ በ58 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ወጣችው። በ2002 ቶም ዳንኤልሰን 49 ከ24 ሲገባ ሰዓቱ ሃርክነስ በመኪና ከወሰደው እጥፍ ያህል ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት አሥርት ዓመታት አለፉ፤ የቀደመው የለም።

የቁጥሮቹ እውነተኛ ትርጉም የሚገለጠው ግን በእግር ከወጡት ጋር ሲተያዩ ነው። በዚሁ መንገድ የሩጫ ውድድርም ይካሄዳል፤ ኒውዚላንዳዊው ጆናታን ዋይት በ2004 በ56 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨርሶታል። ስቴቲና በ1980 በብስክሌት ካስመዘገበው ሰዓት የአንድ ደቂቃ ብልጫ አለው! ከዳንኤልሰን ጋር ያለው ልዩነትም 7 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ብቻ ነው። በ2010 ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ ሸዋርጌ አማረ በ1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሮጣ የሴቶችን ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ በብስክሌት ከወጣችው ከሎንጎ የምትዘገየው በ10 ደቂቃ ገደማ ነው።

በሜዳ ይህ አይታሰብም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007 ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በ2022 በብስክሌት የሸፈነው 56,792 ሜትር ነው፤ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ። ዋሽንግተን ተራራ ላይ ግን የብስክሌተኛው ብልጫ ከ15 በመቶ ብዙም አያልፍም። በሜዳ የብስክሌተኛው ዋና ጠላት አየር ነው፤ ጎንበስ ብሎና ከሌላ ጀርባ ተከልሎ ያታልለዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚኬድበት ዳገት ላይ አየሩ እዚህ ግባ አይባልም። ጉልበቱ ከሞላ ጎደል የሚያልቀው ራስንና ብስክሌትን ወደ ላይ በማንሣት ነው። ሯጩ የሚያነሣው ራሱን ብቻ ስለሆነ ማርሽና ካቴና የሚሰጡት ጥቅም እየተሸረፈ ይሄዳል። በግርድፉ ቢሰላ፣ ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ለሚመዝን ተወዳዳሪ አንድ ተጨማሪ ኪሎ 40 ሰከንድ ያህል ያስከፍለዋል።

እንዲህ ባለ ውድድር ዘዴም፣ የቡድን አጋርም ብዙ አያድንም። የሚቆጠረው ሰውነት ከክብደቱ አንጻር የሚያመነጨው ኃይል ነው፤ አበረታች መድኃኒትና የደም ማበልጸጊያ የሚያሳድጉትም በትክክል ይህንኑ ነው። ሃሚልተን በ2011 አበረታች ንጥረ ነገሮችን መጠቀሙን በይፋ አመነ፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣው መጽሐፉ የጀመረበትን ዘመን 1997 አድርጎ አስፍሯል፤ ክብረ ወሰኑን በ5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያሻሻለውም በዚያው ዓመት ነው። ዳንኤልሰንም በ2012 አምኗል፤ ያመነው ግን ከ2002 በኋላ ስለነበሩ ዓመታት ነው። የአንዱ ጥፋት በሌላው ሰዓት ላይ ጥላውን እንዲያጠላ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ሰዓቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በፍጥነት ቅደም ተከተል ብቻ መዘርዘርም እንዲሁ። የዚህን ዳገት የውጤት ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው የስቴቲናን 57 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ከሃሚልተን 51 ከ56 ዝቅ አድርጎ ከመመደቡ በፊት ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል።